የአባዱላዬ የፊት መብራት ለእኔ አይበራም፣ ከፊት ለሚመጣው ግን ያበራል። ኤልኢዲ ልቀይር?

ባለአባዱላው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ቶዮታ ሃይስ አባዱላ አለችኝ፣ የ2008 ስሪት በፈረንጅ፣ ናፍጣ። የኮንትራት ሥራ ነው የምሠራባት። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ንግሥ፣ የተገኘውን። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ መውጣት ለእኔ የተለመደ ነው።

ችግሬ መብራት ነው። በቀደም የለቅሶ ሰዎች ይዤ ወደ ደሴ ስወጣ፣ ደብረ ብርሃንን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ፣ አንድ የተበላሸ አይሱዙ መንገድ ላይ አድሮ ኖሯል። መኪናው ተጠግኖ ሄዷል፣ ከኋላው የደረደረው ድንጋይ ግን እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ያየሁት አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ነው። መሪውን ወደ ግራ ሰበር አድርጌ አለፍኩት፣ ከፊት የሚመጣ ስላልነበረ እግዜር አተረፈን። ከኋላ እንቅልፍ የወሰዳቸው እናቶች ነቅተው "ምንድነው?" ሲሉኝ "ውሻ ነው" አልኳቸው። ድንጋይ ነው ብላቸው ደሴ እስክንደርስ እንደጮሁ ነበር።

ግራ የገባኝ ደግሞ ሌላ ነው። አጭር መብራት አብርቼ እየሄድኩ ከፊት የሚመጡት በሙሉ ረጅም ያበሩብኛል፣ "አጥፋው" ለማለት። መብራቴ ደካማ ከሆነ እነሱን ምን አስቸገራቸው? ለእኔ አይበራም፣ ለእነሱ ያበራል። በተለይ የቀኙ ዳር፣ እግረኛውና ከብቱ የሚሄድበት በኩል፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

አምፖል ሁለቴ ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። አንዱ ነጋዴ 20 ሺህ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚል ኤልኢዲ አሳየኝ። ልግዛው ወይስ ብሬን ላስቀምጥ? ዕድሜዬ 54 ነው፣ ዐይኔ ይሆን እንዴ ብዬም አስቤያለሁ። ክላውዶ፣ ማለት የዓመቱን የመኪና ምርመራ፣ ግን አልፋለች፣ መብራቱ እንደሚበራ ብቻ አይተው ነው ያሳለፉኝ።

ፈጣኑ፦

ኤልኢዲ አስገባ ገላግለው። እኔ አስገብቼ ሌሊቱ ቀን ሆኖልኛል። 10 ደቂቃ ነው የፈጀው።

የማታ ሹፌር፦

ላንተ ቀን ሆነ፣ ከፊት ለፊትህ ለምንመጣው ግን ምን እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ በሳምንት አራት ሌሊት እነዳለሁ። ባለፉት ዓመታት ያስቸገረኝ ጨለማው ሳይሆን እንዳንተ ያለው ሰው ነው። ስታልፈኝ ለሦስትና አራት ሴኮንድ ምንም አላይም። በ80 ፍጥነት አንድ ሴኮንድ ማለት 22 ሜትር ነው። ቁጠረው እንግዲህ፣ ስንት ሜትር ዕውር ሆኜ እንደምነዳ።

ለጠያቂው ግን በቀና ልመልስ። የአባዱላ አምፖል ኤች 4 የሚባለው ነው፣ አጭሩም ረጅሙም አንድ አምፖል ውስጥ ያለ። ውስጡን አይተኸው ከሆነ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ከአጭሩ መብራት ሽቦ ሥር ደግሞ እንደ ማንኪያ ያለች ትንሽ ብረት አለች። ያቺ ማንኪያ ናት ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ የምትቆርጠው። ከኋላ ያለው መስታወት መሰል ሳህን ደግሞ የተቀረጸው ሽቦው በትክክል እዚያች ቦታ ላይ ይሆናል ተብሎ ነው። በሚሊሜትር። ኤልኢዲው ቺፑን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወዲያ ወዲህ ካደረገው ወይም ቺፑ ከሽቦው ከወፈረ ብርሃኑ የትም ይረጫል። ቅርብህ ያለው አስፋልት ቦግ ይልልሃል፣ አንተም "በራ!" ትላለህ፣ ሩቁ ግን ከድሮው ይብሳል። ዐይንህ ቅርቡን ብሩህ ካየ ሩቁን ጨለማ ማየት ይሰንፋል።

20 ሺህ ሉመን የተባለውን ደግሞ ተወው። ደህናው የኤች 4 አምፖል በአጭሩ 1000፣ በረጅሙ 1650 ሉመን ገደማ ነው የሚሰጠው። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ስንት ዋት እንደሚል አንብብ፣ 25 ወይም 30 ይልሃል። 20 ሺህ ሉመን እንዲያወጣ ከ100 ዋት በላይ መብላት አለበት፣ ያን ያህል ከበላ ደግሞ በዚያች ጣት በምታክል ማራገቢያ አይበርድም፣ ይቀልጣል። የካርቶን ሉመን ነው።

ፈጣኑ፦

እሺ ጌታዬ ተናደድክ። የእኔን ግን ዝቅ አስደርጌዋለሁ።

የማታ ሹፌር፦

ዝቅ ያደረከው ቅርብህን ነው፣ የተረጨው አይወርድም። ግድግዳ ላይ አብራውና ፎቶ ላክ፣ እንይ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሳሪሱ ኤሌትሪሺያን፦

ጋሼ፣ ሳሪስ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ፣ 11 ዓመት ሆነኝ። ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። መብራት ደከመ ተብሎ ከሚመጣልኝ መኪና አብዛኛው አምፖሉ ምንም አልሆነም። የደከመው መንገዱ ነው፣ ከባትሪ እስከ አምፖል ያለው ሽቦ።

እንዲህ ያድርጉ። ሞተር ያስነሱ፣ አጭሩን መብራት ያብሩ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ በቴስተር ይለኩ፣ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው። ቀጥሎ አምፖሉ ጀርባ ካለው ሶኬት ላይ ይለኩ፣ አምፖሉ እንደተሰካና እንደበራ። ነቅለው ከለኩ ቴስተሩ ይዋሽዎታል። ሽቦው ጭነት ከሌለው ሁልጊዜ ጥሩ ቮልት ነው የሚያሳየው። የሰፈር ቧንቧ በሉት፣ ተዘግቶ እያለ ግፊት ያለው ይመስላል፣ ሲከፍቱት ጠብ ጠብ ይላል።

በሁለቱ መካከል ግማሽ ቮልት ቢጎድል ችግር የለም። 1 ቮልት ካለፈ ግን እዚያ ነው ብርሃንዎ የጠፋው። ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፦ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ ይብሳል። ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 15 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሾፌሩ ደግሞ አምፖል ይቀይራል። አዲሱም ያንኑ የደከመ ቮልት ነው የሚበላው።

ቮልቱ የሚጠፋባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ማሳው፣ ኔጌቲቩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፣ የታሰረበት ብሎን ዝጎ ይሆናል፣ ሶኬቱ ውስጡ ጠቁሮ ይሆናል፣ አለዚያም አንድ ጊዜ ግጭት ደርሶ ሽቦው ተቆርጦ በናስትሮ ብቻ የተቀጠለ ይሆናል። ይሄን የመጨረሻውን በጣም ነው የማየው። ስታኞ የለው፣ ምን የለው፣ ጠምዝዞ ጠቅልሎ ሄደ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሪሌ ማስገባት፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ ማለት ነው። ሁለት ሪሌ፣ አንዱ ለአጭር አንዱ ለረጅም፣ ከባትሪው በቀጥታ ወፈር ያለ ሽቦ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ማሳውንም እስኪያብረቀርቅ ፍቆ ማሰር። የድሮው ሽቦ ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ነው ሥራው የሚሆነው፣ ከባዱን አይሸከምም። አንድ ወጥመድ አለው ግን፣ ለሚሠራልዎት ልጅ ይንገሩት፦ ብዙ ቶዮታ ላይ የፊት መብራት ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጌቲቩን ነው። ይህን ሳያውቅ እንደ ሌላ መኪና ከሠራው ፊውዝ ሲያቃጥል ይውላል። መጀመሪያ በቴስተር ያረጋግጥ።

ደግሞ 100/90 ዋት የሚባለውን አምፖል እንዳይገዙ። ሌላ ሰው ሊመክርዎት ይችላል፣ አይስሙት። ባለፈው ሳምንት በዚያ ምክንያት አንድ ሶኬት ከፍቼ ነበር፣ ፕላስቲኩ እንደ ካራሜላ ተዝለግልጎ አምፖሉ ላይ ተጣብቋል። ባለመኪናው "ትንሽ ይሸተኝ ነበር" ነው ያለኝ። ደህና 60/55 የታወቀ ብራንድ ይበቃል፣ ፎርጅዱ ስለበዛ ከሚያምኑት ሰው ይግዙ እንጂ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባውንም ይተዉት፣ ቀለሙ የሚያምር ይመስላል እንጂ ብርሃን ይቀንሳል። ዋጋ አልነግርዎትም፣ በሳምንት ይቀያየራል።

ባለአባዱላው፦

ተባረክ ልጄ። ቴስተር ጎረቤት አለ፣ ነገ እለካለሁ።

ፍራንክፈርት ዳር፦

ሰላም። እኔ ጀርመን ነው ያለሁት፣ ዕቃ ማመላለሻ ቫን ነው የምነዳው። ኤሌክትሪኩን ወንድማችን ጨርሶታል፣ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። መኪናዋ ስትገባ መሪዋ ግራ ነበር ወይስ ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ ነው?

የጠየኩት በአንድ ነገር ምክንያት ነው። እርስዎ የጻፉት ምልክት፣ ቀኝ ዳር ጨለማ፣ ከፊት የሚመጣው የሚቆጣ፣ ደካማ መብራት ብቻ አይመስለኝም። የአጭር መብራት ብርሃን ግድግዳ ላይ ስታበሩት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አይደለም። በአንዱ በኩል ከፍ ብሎ ይወጣል። ያ ከፍ የሚለው የተሠራው ለመንገዱ ዳር ነው፣ እግረኛና ምልክት ለማየት። እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ቀኝ ነው ከፍ የሚለው። እንደ ጃፓንና እንግሊዝ በግራ በሚነዳበት ደግሞ ወደ ግራ። ለጃፓን መንገድ የተሠራ መኪና መሪው ብቻ ተገልብጦ የፊት መብራቱ ሳይቀየር ከገባ፣ ያ ከፍ የሚለው ብርሃን በቀጥታ የሚሄደው ከፊት በሚመጣው ሰው ዐይን ላይ ነው። ዳሩ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። አምፖል ቢቀይሩ፣ ኤልኢዲ ቢያስገቡ፣ ስህተቱን ያጎላዋል እንጂ አይቀይረውም።

በሁለት መንገድ ማወቅ ይቻላል። አንዱ መብራቱ መስታወት ላይ ያለውን ጽሑፍ ማየት። በአውሮፓ ደንብ የተሠራ ከሆነ ክብ ውስጥ የላቲን ኢ (E) ፊደልና ቁጥር አለው። አጠገቡ ቀስት ከሌለ ለቀኝ መንገድ ነው፣ ጥሩ። ከፊት ቆመው ሲያዩት ወደ ቀኝዎ የሚያመለክት ቀስት ካለ ለግራ መንገድ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ካለ ለሁለቱም ይስተካከላል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን ይህ ጽሑፍ ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚህ ግድግዳው ነው የሚፈርደው።

ግድግዳ ላይ እንዲህ ነው። ሜዳ ቦታ ይፈልጉ፣ ጎማው በልኩ ይነፋ፣ ብዙ ጊዜ የሚጭኑትን ያህል ሰው ወይም ዕቃ ይኑርበት። ይሄ ቫን ላይ ትልቅ ነገር ነው። ከኋላ 12 ሰው ሲቀመጥ ኋላው ይረግጣል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ ባዶውን ያስተካከሉት መብራት ሰማይ ያያል። ከግድግዳው 10 ሜትር ይራቁ። የመብራቱን መሃል ቁመት ለክተው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምሩ። የብርሃኑ መስመር ከዚያ ጠመኔ 10 ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት። 5 ሜትር ላይ ከሆኑ 5 ሳንቲም። አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነው ሌላውን ብቻ ይዩ፣ ከዚያ ይቀያይሩ። መስመሩ በየትኛው በኩል ነው ወደ ላይ የሚወጣው? እሱን ንገሩን።

እኔ ይሄን የተማርኩት ፈረንሳይ፣ ካሌ ወደብ ላይ ነው። ከእንግሊዝ በመርከብ የሚሻገሩት መኪናቸውን አቁመው መብራታቸው ላይ ተለጣፊ ሲለጥፉ አይቼ ገረመኝ፣ ጠየኩ። ስዊድንም በ1967 ከግራ ወደ ቀኝ ስትቀይር መብራቱም አብሮ ነው የተቀየረው። እዚህ ጀርመን ደግሞ ቴክኒክ ምርመራ ላይ መብራቱ በመሣሪያ ተለክቶ ነው የሚያልፈው፣ በራ አልበራ ብቻ አይደለም። ኤልኢዲ አምፖልም ለመኪናህ ሞዴል በስም ካልተፈቀደ ያስጥሉሃል። መጀመሪያ ላይ ያበሳጨኝ ነበር፣ አሁን ሌሊት ስነዳ አመሰግናቸዋለሁ።

የማታ ሹፌር፦

ይሄ ሰው የተናገረው ልክ ነው፣ እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር። ስንት አባዱላና ሃይሩፍ ተገልብጦ የገባ አለ በሉ። መሪውን እናወራለን፣ በሩን እናወራለን፣ መብራቱን ማንም አያነሳም።

የጣርማ በር ልጅ፦

እኔ ደብረ ሲና ነው ያደኩት፣ ስለ ጉም አንድ ነገር ልበል። ጣርማ በር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ክረምት ላይ ከዋሻው ወጥተህ የራስህን ኮፈን የማታይበት ቀን አለ። እዚያ ላይ ረጅም መብራት የሚያበራ ሰው የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ጉሙ ራሱ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመልስልሃል። አጭር አብራ፣ ቀስ በል፣ የዳሩን መስመር ይዘህ ሂድ።

ሰው ሁሉ ቢጫ አምፖል አስገባ ይላል። ቀለሙ ያን ያህል አይደለም። የጉም መብራት የሚረዳህ ዝቅ ብሎ ፓራውልቱ ላይ ስለተሰካና ብርሃኑን ወደ ላይ ስለማይለቅ ነው። ጣሪያ ላይ የተደረደረው ፓውዛ ግን ቢጫም ይሁን ነጭ ጉም ውስጥ ዋጋ የለውም። 6000 ኬልቪን የሚባለው ሰማያዊ የሚመስለው ኤልኢዲማ እርጥብ አስፋልት ላይ ያን ያህል አያሳይህም፣ ዝናብ ሲዘንብ ታየዋለህ።

ሌላው፣ ጋሼ፣ የፊት መስታወትዎን ከውስጥ በኩል ይጥረጉት። ከውስጥ። አብዛኛው ሰው ከውጭ ብቻ ነው የሚያሳጥበው። ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ የሚተነው ነገርና የተሳፋሪው ትንፋሽ ስስ ቅባት ይሠራበታል፣ ቀን አይታይም፣ ሌሊት ከፊት መብራት ሲመጣ ሙሉው መስታወት ነጭ ይሆናል። ዐይኔ ነው ወይ ላሉትም፣ ዕድሜ ሲገፋ ዐይን ብርሃን የሚፈልገው ይጨምራል፣ ጽብረቅም ቶሎ አይለቀውም። አንድ ጊዜ መታየት አይጎዳም።

ባለአባዱላው፦

እሺ፣ ለካሁ። ባትሪው ላይ 14.1። የግራው አምፖል ላይ 12.2፣ የቀኙ ላይ 11.8። ልጄ ያልከው ደረሰ። የቀኙን ሶኬት ሳወጣው አንዱ እግሩ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል።

ማታ ደግሞ የሰፈር ልጆች ጠርቼ ከኋላ አስቀመጥኳቸው፣ 9 ነበሩ፣ የጭነት ፋንታ። የትምህርት ቤት አጥር ላይ አበራሁት። ጠመኔውን የሰጠኝ ዘበኛው ነው፣ እሱም ቆሞ ማየት ጀመረ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደና ወደ ግራ ወጣ። ሁለቱም። ዘበኛው "ይሄ እኮ ወዲያ ነው የሚያየው" አለኝ። ለስንት ዓመት ነድቼው ያላየሁትን እሱ በአንድ ደቂቃ አየው። መብራቱ ላይ ቀስት የለም፣ የኢ ፊደልም የለም፣ የጃፓንኛ ጽሑፍ ብቻ። መሪዋ አዎ፣ ተገልብጦ ነው የገባችው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነግሮኝ ነበር፣ ከመብራት ጋር ያገናኘዋል ብዬ አላሰብኩም።

አሁን ምን ላድርግ? እስካገኝ ድረስ?

ፍራንክፈርት ዳር፦

እስኪያገኙ ሁለቱንም ትንሽ ዝቅ ያስደርጉት፣ የከፊቱን ሰው ያተርፋሉ። ርቀት ይቀንስብዎታል ግን፣ ይወቁት። መብራቱ ከመሬት 80 ሳንቲም ከሆነ፣ በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲም ሲወርድ 80 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። 20 ሳንቲም ካወረዱት 40 ሜትር ላይ ያልቃል። በ80 ፍጥነት ሁለት ሴኮንድ አይሞላም። ስለዚህ ፍጥነቱንም አብረው ያውርዱት። ዘላቂው ግን ለቀኝ መንገድ የተሠራ መብራት መግዛት ነው፣ ሙሉውን፣ ጥንድ። አምፖል አዙሮ ማስተካከል አይቻልም፣ ቅርጹ ሳህኑ ውስጥ ነው።

የሳሪሱ ኤሌትሪሺያን፦

ሰልቫጅ፣ ያገለገለ ዕቃ ማለቴ ነው፣ ከገዙ ሳህኑን ከውስጥ ይዩት። ብርማ ቀለሙ ጠቁሮ ወይም ተልጦ ከሆነ አይውሰዱት፣ እሱ አይጸዳም፣ በጨርቅ ከነኩት ጭራሽ ይለቃል። ከውጭ ያለው ፕላስቲክ ቢጫ መሆኑ ግን አያስፈራዎት። ፀሐይ ነው የሚያደርገው፣ በውሃ እየረጠበ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ከ800 ጀምሮ 1500፣ 2000፣ ከዚያ ፖሊሽ። ላዩ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ቀለም ካልተነፋበት ግን በወራት ውስጥ ይመለሳል። በጥርስ ሳሙና የሚያሹት ለሽያጭ ነው።

ባለአባዱላው፦

ሦስት ሳምንት ሆነኝ ሳልመለስ፣ ይቅርታ። ያለቀውን ልንገራችሁ።

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሰፈር፣ ሄድኩ። አራት ሱቅ "የግራ መሪ ነው" እያሉ ያው የእኔን ዓይነት ነው የሚያወጡልኝ። "ሁሉም አንድ ነው አባቴ" ይላሉ። አምስተኛው ጋ ባትሪ አስመጣሁ። አምፖል ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ሰካሁት፣ ልጁን "ያዝልኝ" ብዬ ሱቁ ውስጥ ያለውን የቆርቆሮ በር ገርበብ አድርጌ እሱ ላይ አበራሁት። ባለሱቁ እብድ መስዬው ነበር። መስመሩ ወደ ቀኝ ወጣ። ሌላኛውንም አበራሁ፣ ወደ ቀኝ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሱቆች ካወጡልኝ አንዱን ልጁ ሮጦ አምጥቶ አበራነው፣ ወደ ግራ። ባለሱቁ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና "ይሄን ሳላውቅ 20 ዓመት ሸጥኩ" አለ። ከዚያም ዋጋ ጨመረብኝ፣ ያው ነጋዴ ነው።

ሪሌውን ሰፈሬ ያለ ልጅ ሠራልኝ። የኔጌቲቩን ነገር ነገርኩት፣ መጀመሪያ "አውቃለሁ" አለ፣ ከዚያ በቴስተር ለካና "ኧረ እውነት ነው" አለ። አሁን አምፖሉ ላይ 13.6 ነው፣ ሁለቱም። አምፖሉ ተራው 60/55 ነው። ኤልኢዲ አልገዛሁም።

ቅዳሜ ለሠርግ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፣ በ10 ሰዓት። አንድም ሰው አላበራብኝም። ሸኖ ሳንደርስ የቀኙ ዳር ላይ አንዲት አህያ ብቻዋን ቆማለች፣ መጀመሪያ ያየሁት ነጩን ሆዷን ነው፣ በሩቁ። ፍሬን ለመንካት እንኳ ጊዜ ነበረኝ። ረዳቴ "ምን ታያለህ?" አለኝ፣ "አህያ" አልኩት፣ "እሷንማ እኔም አይቻታለሁ" አለ።

ዐይኔንም ታይቼ መነጽር ታዞልኛል፣ እሱን ገና አልገዛሁም።

የማታ ሹፌር፦

ተባረክልን። ፈጣኑ፣ ፎቶው የታለ?

ፈጣኑ፦

አብርቼ አየሁት። መስመር የሚባል ነገር የለውም፣ ግድግዳው ሙሉ ነጭ ነው። አውጥቼዋለሁ። አትጩኹብኝ።

የማታ ሹፌር፦

ማን ጮኸ። ጎበዝ።

የጣርማ በር ልጅ፦

ጋሼ፣ አሮጌዎቹን መብራቶች ምን አደረጓቸው?

ባለአባዱላው፦

ቤት አሉ፣ አልጋ ሥር። አንዱ ሊገዛኝ መጥቶ ነበር፣ እምቢ አልኩት፣ መልሶ እዚሁ መንገድ ላይ ሊያወጣቸው ነው። ደህና መብራት ናቸው እኮ፣ ሳህናቸው ያበራል፣ ምንም አልሆኑም። ኬንያ የሚኖር ባለአባዱላ ካለ ይጻፍልኝ፣ እዚያ በግራ ነው የሚነዱት አሉ። በነጻ ነው፣ ሞያሌ ድረስ ማድረስ ግን በእሱ።